በምድጃ አጠገብ ያደረው የገብስ ቅጠል

መካነ ሰላም ሥራ ወይም ዘመድ የሌለው ሰው ዝም ብሎ የሚሄድበት አገር አይደለም። እኔም ልጄ ሂሩት ባታስነሣኝ ኖሮ ስሙን እንደሰማሁ እቀር ነበር። አሁን ሄጄ ተመልሻለሁ። ተራራውንና ገደሉን ሌላ ሰው ይጻፈው፤ እኔ የተደረገልኝን መልካም ነገርና ያጠፋሁትን ጥፋት እጽፋለሁ። ጥፋቴን የምጽፈው ትሑት ለመባል ሳይሆን ያለ እሱ ታሪኩ ስለማይገባ ነው።

የምኖረው ሸዋ ሮቢት ነው። አናጢ ነኝ። በመሠረተ ትምህርት ፊደል ከቆጠርኩ በኋላ ያነበብኩትን ሁሉ ያነበብኩት ያለ አስተማሪ ነው፤ ስለዚህ ልጆቼን ከእኔ በላይ ማስተማር ስዕለቴ ነበር። ሂሩት ለሁለተኛ ዲግሪዋ የምታጠናው አር ኤን ኤ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ክሮችን ነው፤ ትንንሾቹ ክሮች ምን ያህል ጠብቀው እንደሚታጠፉና ይህ ነገር ከዝግመተ ለውጥ ጋር ምን እንደሚያገናኘው። ዝግመተ ለውጥ የሚለውን ቃል አልወደውም፤ ለእሷም ነግሬያታለሁ። ግን መጥታ፣ «አባባ፣ ከደጋው ገብስ ውርጭ የነካውን ቅጠል ካላመጣሁ ጥናቴ አይሞላም። ገብሱ የሚያሸተው አሁን በጥቅምት ነው፤ ካመለጠኝ ዓመት መጠበቅ አለብኝ፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ዓመት አይጨምርልኝም» ስትለኝ ብቻዋን መላክ አልሆነልኝም። አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። ቅጠሉ በብርድ ተይዞ መምጣት አለበት ስላለች ከጣውላ ሳጥን ሠራሁ፤ በድርብ ግድግዳው መሃል ሰጋቱራ ጠቀጠቅሁበት። በሕይወቴ ከሠራኋቸው ዕቃዎች ሁሉ የኮራሁበት እሱ ነበር።

ሰኞ

ከቤታችን ስንነሣ ገና በማለዳው ሸሚዝ በላብ ይርስ ነበር። ከሚሴን፣ ሐርቡን፣ ኮምቦልቻን አልፈን ደሴ ስንገባ ሂሩት ያለበሰችኝን ሹራብ ለምን አወለቅሁት ብዬ ተቆጨሁ። በእኛ አገር ሰው ጥላ ፍለጋ መንገድ ይሻገራል፤ በደሴ ፀሐይ ፍለጋ ይሻገራል። ያደርንበት ሆቴል ባለቤት ሴትዮዋ ሳጥኑን ከፍታ አየችና ሥጋ ካስቀመጠችበት ማቀዝቀዣ ቦታ ለቀቀችልን። ውሃ የሞሉ የፕላስቲክ ጠርሙሶቻችንን አስገብታ በጠዋት እንደ ድንጋይ ደርቀው አስረከበችን። «ለትምህርት ነው ካላችሁማ የኔም ልጅ ይማራል» ብቻ ነው ያለችው።

ማክሰኞ

በመናኸሪያው የአውቶቡሱ ረዳት ሳጥኑ ፖርቶ መጋላ ላይ ካልወጣ አለ። በረዶው ፀሐይ ይመታዋል፤ እምቢ አልኩና ጭኔ ላይ ያዝኩት።

«ምንድን ነው ጋሼ፣ ሕፃን ነው እንዴ?»

«ከሕፃን ይበልጣል።»

«ሕፃን ከሆነ በነፃ ነው፤ ከበለጠ ትኬት ይቁረጡለት» አለና አውቶቡሱን አሳቀብኝ። እንዲህ ያለ ቀልድ አልወድም፤ ግን በኋላ እግሬ ሲደነዝዝ ሳጥኑን ተቀብሎ እስከ አቀስታ ድረስ በራሱ መቀመጫ ላይ ይዞልኛል። ሰውን በአፉ ብቻ መመዘን ስሕተት ነው።

ጉጉፍቱ ላይ ጭጋግ ነበር። ጊምባን አልፈን፣ አቀስታ ምሳ በልተን እንደወጣን ጎማ ፈነዳ። ተሳፋሪው ወርዶ ዳገቱ ላይ ተቀመጠ። ከመንገዱ በላይ ካለ ቤት አንዲት ሴት በሰፌድ የገብስ ቆሎ ይዘው ወረዱና ማንም ሳይጠይቃቸው ለሁላችን አዳረሱ። ሸዋ ሮቢት ስንት አውቶቡስ ተበላሽቶ ቆሞ አይቻለሁ፤ እኔ ግን አንድ ቀን እንኳ ማንጎ ይዤ ወጥቼ አላውቅም።

ጎማው እስኪቀየር ሂሩትን፣ «እስቲ ይህን የምትደክሚለትን ነገር በሚገባኝ ቋንቋ ንገሪኝ» አልኳት። ከደብተሯ ጠርዝ ቀጭን ወረቀት ቀደደችና ፊደል ጻፈችበት፤ ከመሃል አጥፋም ሁለቱን ክንፎች ፊት ለፊት አጋጠመች።

«ክሩ እንዲህ ነው። አራት ዓይነት ፊደል ብቻ አለው፤ እያንዳንዱ ፊደል የሚገጥመው ጓደኛ አለው። ረጃጅሞቹ ክሮች መልእክት ተሸካሚዎች ናቸው፤ ቶሎ ይበጣጠሳሉ። እኔ የማጠናው ትንሹ ግን በራሱ ላይ እንዲህ ይታጠፋል። ከታጠፈው ላይ ተቆርጦ የሚወጣው ቁራጭ ሌላውን መልእክት ዝም ያሰኛል። ተክሉ መቼ እንደሚያድግ፣ መቼ እንደሚታገሥ በዚያ ይወሰናል።»

«ዝግመተ ለውጡስ የት አለ?»

«ክሩ የሚቀዳበት ጽሑፍ ከዘር ወደ ዘር ሲተላለፍ ፊደል ይሳሳታል። ስሕተቱ እጥፋቱን ከፈታው ተክሉ ይጎዳል፤ ዘሩም እያነሰ ይጠፋል። እጥፋቱን ካልነካው ያልፋል። አንዳንዴ ደግሞ በዚህ ክንፍ አንድ ፊደል ይለወጥና፣ ከስንት ትውልድ በኋላ በዚያኛው ክንፍ ያለው ጓደኛውም ይለወጣል፤ እጥፋቱ እንደነበረ ይመለሳል።»

ይህ ወዲያው ገባኝ። የወንበር እግር ስገጥም ቀዳዳው ከሰፋብኝ ወደ ውስጡ የሚገባውን ምላስ አወፍራለሁ። እንጨቱ ተለወጠ እንጂ መጋጠሙ አልተለወጠም። እንዲህ ስላት በአድናቆት አየችኝ።

«መምህራችን ይህን ለማስረዳት ሁለት ሳምንት ፈጅቶበታል!»

ደስ አለኝ፤ ደስ ማለቴን ግን አላሳየኋትም። «ታዲያ ማን አስማማው?» አልኳት።

«የማይገጥመው ስለማይቀር ነው፣ አባባ። የምናየው የቀረውን ነው።»

«እኔ በደንብ የተገጠመ ወንበር ሳይ አናጢውን ነው የምጠይቀው።»

አልተስማማንም። ዛሬም አልተስማማንም። ግን ስትናገር አንድ ጊዜም ያላየችውን አየሁ አላለችም፤ የማታውቀውን አላውቅም ትላለች። በዚህ ኮራሁባት። «በጣም የጠበቀም ደግ አይደለም» ብላ ነው ወረቀቷን ያጠፈችው፤ «ቁራጩን የሚያወጣው መቁረጫ ሊከፍተው ካልቻለ ክሩ ሥራ አይሠራም።»

መካነ ሰላም አመሻሽ ላይ ገባን። እኛ አገር ሰው የሚተኛው በሩን ከፍቶ ነው፤ እዚያ ሦስት ብርድ ልብስ ሰጥተውኝ ጫማዬን ሳላወልቅ ተኛሁ።

ረቡዕ

ወደ ደንቆሮ ጫካ አቅጣጫ በጭነት አይሱዙ ሄድን፤ መንገዱ ሲያልቅ ሁለት ሰዓት ያህል ሽቅብ በእግር ወጣን። የሂሩት የክፍል ጓደኛ አጎት ሸህ ይመር ደጃቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። ቁርአን የሚያስተምሩ፣ በርኖስ የለበሱ፣ ቀጭን ሽማግሌ ናቸው። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ እግራችንን በሞቀ ውሃ ካላጠብኩ ብለው ያዙን። እኔ እምቢ ስል «ኧረ ተዉ ጋሼ፣ እንግዳ የአላህ ነው፤ እርስዎ ምን አገባዎት?» አሉኝ።

ራት ሲቀርብ አንድ ነገር አሳፈረኝ። ከመንገዱ የተነሣ ቀን ጠፍቶብኝ ነበር። እትዬ ዘይነባ የሽሮውን ድስት እያሳዩ፣ «ዛሬ ረቡዕ ነው፤ እናንተ ትጾማላችሁ። ቅቤ ባልነካው ድስት ነው የሠራሁት» አሉ። የእኔን ጾም እኔ ስረሳ አንዲት እስላም እናት አስታወሱልኝ። ልጆቼ ይህን ሲያነቡ ደግመው ያንብቡት።

ሐሙስ

ጎህ ሲቀድ ሸህ ይመር ወደ እርሻቸው መሩን። ጥቁሩ ገብስ በውርጭ ነጭቶ፣ ራሱን ደፍቶ ቆሟል። በእኛ ቆላ ቢሆን ገለባ ብቻ የሚያስቀር ብርድ ነበር።

«አባቴም አያቴም ይህንኑ ነው የዘሩት» አሉ። «የግብርና ሠራተኛው ምርጥ ዘር አምጥቶልን ነበር። ውርጭ ሲመጣ ምርጡ ተኛ፣ ይሄ ቆመ። እኔን ሽማግሌ ነው ብሎ ተወኝ እንጂ አካባቢው ጥቁሩን ትቶታል።»

ሂሩት ተንበርክካ ቅጠሎቹን በትንሽ መቀስ ትቆርጣለች፤ ቅጠል በሚያቆይ ፈሳሽ በተሞሉ ትንንሽ ብልቃጦች ትከትታለች። ሸህ ይመር ጎንበስ ብለው ያዩዋታል።

«በኛ ገብስ ውስጥ ፊደል አለ ነው የምትዪኝ፣ ልጄ?»

«አዎ ሸህ። አራት ፊደል።»

«አራት ብቻ! የቁርአኑ ሃያ ስምንት ነው። የእናንተስ ስንት ነው ጋሼ?»

«ከሁለት መቶ ያልፋል።»

«ሱብሃነላህ! ከሁላችን ያነሰ ፊደል ይዞ ከሁላችን በላይ ብርድ ቻለ።»

ከሰዓት በኋላ ዶሮ ታረደ። ሸህ ይመር ራሳቸው አላረዱም፤ እኛ እንድንበላው ክርስቲያን ጎረቤታቸውን ጠርተው አሳረዱ፤ የጎረቤቱ ሚስትም በራሷ ድስት ሠራችው። እዚያ አገር ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ አያቶቻቸው ሲያደርጉት የኖሩት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ እደርሳለሁ። ሂሩት ሳጥኑን ከቤት ኋላ በጥላ ትታው፣ «አባባ፣ እዚህ ይቆይ» ብላኝ ስለ ዘር አያያዝ ልትጠይቅ ወደ ጎረቤት ሄዳ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ እትዬ ዘይነባ መጡ። እዚያ ደጋ ሰው የሚሳሳለትን ነገር ሁሉ ከውርጭ ያስገባል፤ ግልገሉን፣ ጥጃውን፣ የዘር እንስራውን፤ ቦታውም ከምድጃው ጎን ነው።

«ጋሼ፣ ይህ የልጂቱ ሳጥን ውርጭ ሊመታው ነው። ከምድጃው ጎን ላድርገው?»

ሂሩትን ልጠይቃት እችል ነበር፤ ቤቱ ሩቅ አልነበረም። ግን ልጅ አባቷን ትጠይቃለች እንጂ አባት ልጁን አይጠይቅም ብዬ ኖሬያለሁ። ደግሞም በሳጥኔ ተማምኜ ነበር፤ በዚያ ግድግዳ ሙቀት አይገባም አልኩ። እኔም አጥንቴ ድረስ በርዶኝ ስለነበር እሳት ዳር ማደር ለማንም የሚበጅ መሰለኝ። «ያድርጉት» አልኩ። ጋቢም ደረቡለት።

ዓርብ

ሂሩት ለመንገድ ልትዘጋጅ ሳጥኑን የከፈተችው ቁርስ ከተበላ በኋላ ነው። በረዶው ሙልጭ ብሎ ሟሙቶ ነበር። ጠርሙሶቹን ነካች፤ ብልቃጦቹን በጉንጯ ላይ አደረገች። ለብ ብለዋል። መሬት ላይ ቁጭ አለች።

እትዬ ዘይነባ ፊቷን አይተው ነገሩ ገባቸው። «ዋይ! እኔ ነኝ ልጄ፣ እኔ ነኝ ያስገባሁት! ውርጭ ይመታዋል ብዬ ነው። አፉ በይኝ፣ ይቅር በይኝ!»

«ምንም አይደለም፣ እትዬ» አለች ሂሩት። ድምፅዋ ግን ሌላ ነገር ይናገር ነበር።

እኔ ቆሜ ነበር። «ጥፋትህን ሌላው ሳይናገርልህ አንተ ተናገር» ብዬ ስንት ልጅ በቀበቶ የገረፍኩ ሰው፣ አንዲት ደግ ሴት የእኔን ጥፋት ሲሸከሙ ዝም አልኩ። አሁን እነግራለሁ፣ ትንሽ ቆይቼ እነግራለሁ እያልኩ ረፋዱ አለፈ። እትዬ ዘይነባ ጓሮ ሆነው በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ።

ሸህ ይመር ከጁምአ ሲመለሱ ጉዳዩን ጨርሰውት መጡ። «ለሰው ሁሉ ነግሬያለሁ» አሉ። «በቤቴ፣ በባለቤቴ እጅ የልጂቱ ሥራ ተበላሸ፤ አላህ እንዲክሳት ዱአ አድርጉላት ብያቸው ዱአ ተደርጓል።»

ያን ጊዜ ወደ እሳቸው ቀረብ አልኩ። «ሸህ» አልኩ፤ «ባለቤትዎ ጠይቀውኝ ነበር። አዎ ያልኩ እኔ ነኝ።»

አላጉረመረሙም፤ አልገሠጹኝምም። «ለኔ ብቻ ቢነግሩኝ ምን ይበጃል? እኔ የተናገርኩት በሰው ፊት ነው» አሉኝ።

ከመስጂዱ በታች ሰዎቹ ሣር ላይ እንደተቀመጡ ነበር። ሸህ ይመር አጠገቤ ቆሙ። በሰው ፊት መናገር አልፈራም፤ ዕድር ላይ ስንቴ ተናግሬያለሁ፤ ግን እስከዚያ ቀን የተናገርኩት የሌላውን ጥፋት ነው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው፤ ሂሩት ቅጠሉን ለምን እንደምትፈልገውም አስረዳሁ። ከዚያ ጥርሳቸው ያለቀ አንድ ሽማግሌ፣

«ሳጥኑን የሠሩት እርስዎ ነዎት?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«ጥሩ ሥራ ነው! ሙቀቱን አንድም ሳያፈስ ይዞ አድሯላ!»

ሳቁ። እኔም ከእነሱ ጋር ሳቅሁ፤ እንደዚያ ስስቅ ልጆቼ አይተውኝ አያውቁም። «አፉ ብለናል፣ አፉ ብለናል» አሉኝ በየተራ።

ከዚያ ያልጠበቅሁት መጣ። አንድ ጎልማሳ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «እንግዲህ እርስዎ ከተናገሩ እኔም ልናገር» አለ። «ጥቁሩን ገብስ ትቼዋለሁ ብያለሁ። አልተውኩትም። በመንገዱ በኩል ምርጥ ዘሩን ዘርቻለሁ፤ ጥቁሩ ከቤቴ ኋላ ነው።» ሸህ ይመር ዘወር ብለው አዩት። ሌላው፣ «የኔ ከቁልቋሉ አጥር ውስጥ ነው» አለ። ጥርስ የሌላቸው ሽማግሌም አላቸው። አሁንም ይስቅ የነበረው አራተኛው ሰውም አለው። የግብርና ሠራተኛው እንዳይቆጣ እርስ በርሳቸው እንኳ ተደባብቀው ነበር።

ቤት ገብቼ ለሂሩት ነገርኳት። አየችኝ። «ለምን አልጠየቁኝም?» ትለኛለች ብዬ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። እሷ ግን፣ «እትዬ ዘይነባ ሲያለቅሱ አይተዋል፣ አባባ?» አለችኝ።

«አይቻለሁ» አልኩ። ሄጄ እትዬ ዘይነባን ይቅርታ ጠየቅሁ። እጃቸውን ሰጡኝና ወዲያው ስለ ሌላ ነገር ጀመሩ፤ «አሁን ልጂቱን የቸገራት ምንድን ነው?»

«ብልቃጥ ተርፎኛል» አለች ሂሩት፤ «በረዶ ግን የለም። ያለ በረዶ ደግሞ መካነ ሰላም አይደርስም።»

«በረዶ? ጓሮ የተውኩት ማሰሮ ጠዋት ጠዋት በረዶ ይሠራልኮ! እሱን ስሰብር ነው የምኖረው!»

ያን ምሽት በአምስት ቤት ደጅ ሳህን፣ ጎድጓዳ ትሪ፣ ሰፌድ የሚያህል ድስት ሁሉ ውሃ ሞልቶ ወጣ።

ቅዳሜ

ጎህ ሲቀድ አንድ ሳይሆን አምስት እርሻ ነበረን። ባለ እርሻዎቹ ራሳቸው ይመሩናል፤ «ከዚህኛው ቁረጪ፣ ይሄ ነው የኖረው» እያሉ ይሻማሉ። ሂሩት የእያንዳንዱን እርሻ ብልቃጥ ለየብቻ ምልክት ታደርጋለች። እትዬ ዘይነባ ከየሳህኑ የተሰበሰበውን እንደ መስተዋት የሳሳ በረዶ ሰብረው፣ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልለው ሳጥኑን ሞሉት። ክዳኑን ልዘጋ ስል ሂሩትን፣ «እንዲህ ይበቃል?» አልኳት። «ጨርቁን ትንሽ ጠበቅ ያድርጉት» አለች፤ አደረግሁ።

ስንለያይ እትዬ ዘይነባ አንድ ቁና ቆሎ ሰጡን። ከዚያ ቀረብ አሉና እንዳይሰማ ዝግ ብለው፣ «ጋሼ፣ ያንን ጠዋት እኔ ተሸክሜልዎት ነበርኮ። ከባድ ነው» አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉት። እውነት ግን ነው።

እሑድ

ሂሩት ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ስታልፍ እኔ ሸዋ ሮቢት ወረድኩ። ሙቀቱ ከበር ተቀበለኝ። ባለቤቴ አገሩ እንዴት ነው ስትለኝ፣ ሰዉ ከእኛ ይሻላል አልኳት፤ ከእኔ ማለቴ ነበር።

ከወራት በኋላ ሂሩት ስልክ ደወለች። እሳት ዳር ያደሩትን ብልቃጦች አልጣለቻቸውም፤ ከአዲሶቹ ጋር መርምራቸዋለች። ረጃጅሞቹ ክሮች ተበጣጥሰዋል፤ ትንንሾቹ ግን አብዛኞቹ ደህና ናቸው። «ስለታጠፉ ነው?» ስላት፣ «እሱ ብቻ አይደለም፤ አጭርም ናቸው፣ ታቅፎ የሚጠብቃቸውም ነገር አለ። ገና አላወቅነውም» አለች። ከጥርስ አልባው ሽማግሌ እርሻ ደግሞ በአንዱ ክር ላይ በአንድ ክንፍ አንድ ፊደል ተለውጦ፣ ትይዩው ፊደልም አብሮ ተለውጦ አገኘች፤ እጥፋቱ እንደ ሌሎቹ ነው። ሽማግሌው ባይናገሩ ይህ አይታይም ነበር።

ጥናቷ ሲጠረዝ አንድ ቅጂ ላከችልኝ። እንግሊዝኛው አይገባኝም፤ ስም ግን ለይቼ አነባለሁ። በምስጋናው ገጽ ላይ የአራቱ ገበሬዎች ስም አለ፤ የሸህ ይመር አለ፤ ከዚያ የእትዬ ዘይነባ፤ ከሁሉም በታች የእኔ። ባለቤቴ አባት ከፊት መሆን ነበረበት ብላ ተቀየመች። እኔ ግን ገጹን ሁለት ጊዜ አየሁት፤ ቦታዬ እዚያው ነው።